ከጉሮሮ ውጭ የተሞላ መጠይቅ

ዘፋኟ በመልበሻ ክፍሏ መስታወት ፊት፣ ግማሽ ፊቷን ተኳኩላ፣ ሞታ ተገኘች። አጠገቧ መርዝ የተቀላቀለበት የማር ውሃና የድምፅ ሐኪሟ ከምርመራ በፊት የሚያስሞላት መጠይቅ ነበሩ። መልሱ ማክበብ ብቻ ስለሆነ የእጅ ጽሑፍ የለበትም።

መርማሪዋ ሬሳውንም መስታወቱንም በእኩል ዓይን አየቻቸው። ከስንት ሬሳ በኋላ ልቧ እንደ ተኛ እግር ደንዝዟል፤ ቢቆነጥጡትም አይነቃ።

«ራሷን ነው ያጠፋችው» አለ ባሏ፣ ዕድሜ ልኩን በፒያኖ ያጀባት ሰው። «ወረቀቱን ይዩት። ድምፄ ይሻክራል፣ ‹ሁልጊዜ›። ከፍ ስል ይሰነጠቃል፣ ‹ሁልጊዜ›። ተስፋ ቆርጣ ነው።» የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት የሚያነብ ይመስል ነበር።

የሟች የዘፈን ተማሪ ጥግ ይዛ ቆማለች። የማር ውሃውን ያመጣችው እሷ ነች፤ ራሷን አላጠፋችም ከተባለ ካቴናው የሚጠልቀው እሷ እጅ ላይ ነው።

«እትዬ ተስፋ አልቆረጡም» አለች ግን። «ጉሮሯቸው ይደርቅ ነበር እንጂ ድምፃቸውማ ይድን ነበር።»

«አንቺ ልጅ፣ ዝም ብትይ ይበጅሻል» አለ ባልየው።

«ዝም ማለቱስ ይበጀኝ ነበር ጋሼ። ግን እውነት አይደለማ!»

መርማሪዋ ተጠርቶ የመጣውን የድምፅ ሐኪም ወደ ኮሪደሩ ወሰደችው። «እንዲህ አድርጋ ሞልታ ታውቃለች?»

«ኧረ ወዲያ! ዘፋኝ መቼ እውነት ይሞላል? ወሬው ቲያትር ቤቱ ደርሶ መድረክ እንዳይነጠቁ ፈርተው ሁሉም ‹በጭራሽ› ላይ ያከብባሉ። የእኔ ማኅደር ከተረት መጽሐፍ አይሻልም።»

«ታዲያ ለምን ያስሞላሉ?»

«ጉሮሮውን እኔ በመሣሪያ አየዋለሁ። ሕመሙን ግን ከባለቤቱ በቀር ማን ያውቀዋል?»

መርማሪዋ ወረቀቱን እስከ ታች ድረስ ደግማ አነበበች። ከዚያ ባልየውን፣ ተማሪዋንና ሐኪሙን መድረኩ ላይ ባለው ፒያኖ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ባልየው እንደ ልማዱ ፒያኖው ፊት ተቀመጠ።

«ይሄን የሞላው ገዳዩ ነው» አለች። «ሟች ራሷ ሞልታው ቢሆን እንደ ልማዷ ‹በጭራሽ› ትል ነበር። እሺ፣ አንድ ቀን እውነቱን ጻፈች እንበል። መሻከሩ፣ መሰንጠቁ ‹ሁልጊዜ›። ከታች ግን፣ ጉሮሮዬ ይደርቃል፣ ‹በጭራሽ›። ለመዝፈን እታገላለሁ፣ ‹በጭራሽ›። ስጨርስ ያመኛል፣ ‹በጭራሽ›። ከውጭ የሚደመጠው ሁሉ አለ፤ ከውስጥ የሚያመው አንድም የለ። ሐኪሙ እንዲህ አይስትም፣ ሙያው ነው። ልጅቷም ዘፋኝ ናት፣ ከራሷ ጉሮሮ ታውቀዋለች፤ ደግሞ የሚያድናትን ውሸት በገዛ አፏ አፍርሳዋለች። የቀረው ዕድሜውን ሙሉ አድምጧት አንድ ቀን ያልጠየቃት ሰው ነው።»

ሁሉም ወደ ባልየው ዞሩ። ጣቶቹ የፒያኖው ቁልፎች ላይ እንዳሉ ቀሩ።

«ሌላ አጃቢ ይዛ ልትሄድ ነበር» አለ በዚያው በደረቀ ድምፅ። ከዚያ ወደ ተማሪዋ ዞረ። «እውነት ይደርቅባት ነበር?»

«በየቀኑ ጋሼ! የማር ውሃውን ለምን የማመጣላቸው ይመስልዎታል?»

«እኔማ» አለ፣ «ጣፋጭ ስለምትወድ ይመስለኝ ነበር።»