በእፎይታ ሰዓት የሞተችው ነርስ

ሲስተር የተኛች መስሏቸው ሁሉም በእግር ጣታቸው እየረገጡ ወጡ። ድካሟን ያውቃሉ፤ እንዳትነቃባቸው ነው። ለካ ሞታለች።

አስከሬኗ በሆስፒታሉ ቤተ መጻሕፍት፣ በሁለት መደርደሪያ መሀል፣ ምንጣፍ ላይ ተንጋሏል። ብርድ ልብስ እስከ ደረቷ ተስቦላታል፤ ዓይኗ ላይ ጨርቅ ጣል ተደርጓል። ከራስጌዋ «እፎይ ይበሉ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። መርማሪዋ እሱን አነበበችና «አቤት ጌታዬ» አለች በልቧ።

መርማሪዋ ልጆቿን ድራ የጨረሰች፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት። ነገርን እንደ አሮጌ ስፌት ካልተረተረች እንቅልፍ ስለማይወስዳት ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል።

ዳይሬክተሩ አረፍ እንኳ ሳትል ተቀበላት። «ነገሩ ግልጽ ነው። ሻይ ያጠጣቻት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ናት። ፖሊስ ሳይደርስ ስኒዎቹን ሁሉ አጥባለች! ይዛችሁልን ሂዱ።»

«እንሄዳለን ዶክተር፣ ምን ያጣድፈናል? ሬሳው ተነስቶ አይሄድ።»

ሠራተኛዋ በሩ አጠገብ ተኮራምታ ተቀምጣለች። የሆስፒታሉ ሠራተኛ ሻይ ጠጥቶ ጋደም የሚልበትን የእፎይታ ሰዓት ያመጣችው እሷ ናት። ነርሱም ሐኪሙም በድካም ሲረግፍ አይታ ምንጣፍ ለመነች፣ ባለቀለም እርሳስ ሰበሰበች፣ የዓይን ጨርቅ ሰፋች። ባሏ ሞቶባታል። ከታሰረች ሁለት ልጆቿ ሰብሳቢ የላቸውም።

«ስኒውን ለምን አጠብሽው፣ እህቴ?»

«እድፍ ያለበት ስኒ እያየሁ መቀመጥ አልችልም። እንደዚህ ያደርገኛል ብዬ መች አሰብኩ!»

«ብርድ ልብሱን ያለበስሻት አንቺ ነሽ?»

«ኧረ አይደለሁም። መብራት ሳበራ ለብሳ ነው ያገኘኋት። ስንተኛ ግን ሙቀት አለኝ ብላ እግሯ ሥር ጥላው ነበር።»

በዚያ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ የነበሩት፣ ከሟች ሌላ፣ አራት ናቸው። አንዷ ይህችው ሠራተኛ። ሁለተኛው የሰውነት ማፍታቻና የትንፋሽ እንቅስቃሴውን የሚመራው ፊዚዮቴራፒስት፤ ስሙን ሁሉም ረስቶት «ተንፍሱ» ነው የሚለው። ሦስተኛዋ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ ናት። አራተኛው የቀዶ ጥገና ክፍሉ ማደንዘዣ ሰጪ ነው። መብራት ጠፍቶ፣ የዝናብ ድምፅ ከቴፑ እየወረደ፣ ሁሉም ዓይናቸው ተሸፍኖ ነበር።

መርማሪዋ ጉልበቷን እየረገመች ተንበረከከች። የዓይን ጨርቁ አንዱ ጎኑ ለስላሳ፣ ሌላው ሻካራ ነው፤ ለስላሳው ወደ ላይ ዞሯል። ገለጥ አደረገችው። የሲስተር ቀኝ ዓይን ኩል እንደተኳለ ነው፤ የግራው ወደ ጆሮዋ ተስቧል። ጣቶቿን አየች፤ ንጹሕ ናቸው። የብርድ ልብሱ ጠርዝ ላይ ግን ትንሽ ጥቁር ነገር አለ።

ሲስተር ሰሞኑን ደረቷን አሟት መድኃኒት የምትወስድበት ካኑላ፣ ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቧንቧ፣ እጇ ላይ እንደተሰካ ነው። ቧንቧው ውስጥ ወተት የመሰለ ጠብታ ቀርቷል።

ነርሷን ጠራቻት። «ይሄ ምንድን ነው፣ ልጄ?»

ነርሷ ጎንበስ ብላ አየችው። «የሷ መድኃኒት እንደ ውሃ የጠራ ነው። ይሄ ሰው የሚያስተኛ ነው። ሲበዛ ትንፋሽ ያቆማል።»

«የት ይገኛል?»

«ቀዶ ጥገና ክፍል። እኛም ጋ አለ።»

«ከሲስተር ጋር ትናንት ተጨቃጭቃችኋል አሉ።»

«ዝም በይ፣ ጣጣ ይመጣብሻል ስላልኳት ነው። ቀዶ ጥገና ክፍል ልታግዝ ሄዳ አንዲት ሕፃን እዚያ ከሞተች ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ‹ነገ ለእናቷ እውነቱን እነግራታለሁ› አለችኝ። እውነቱን ግን ለኔም አልነገረችኝም።»

«ግድ የለም። ሰው ጭልጥ ብሎ መተኛቱን በምን ታውቂያለሽ?»

«ስሙን እጠራለሁ። ካልሰማ ትከሻውን እቆነጥጣለሁ።»

ይህንኑ ጥያቄ ሁሉንም ጠየቀች። ተንፍሱ «ትንፋሹ ወደ ሆዱ ሲወርድ» አለ። ሠራተኛዋ እንባዋን እየጠረገች «ሲያንኮራፋ ነዋ! ሌላ በምን ይታወቃል?» አለች።

ማደንዘዣ ሰጪው ጫማው የተወለወለ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። «ሰው ማስተኛት ሙያዬ ነው፣ እናቴ። ከፈለጉ እርስዎንም አስተኛለሁ።»

«እኔን የሚያስተኛኝ ፈጣሪ አለኝ። መተኛቱን በምን ታውቃለህ?»

የቀኝ እጁ ትንሿ ጣት ሳያዛት ወጣች፤ አየሩን ዳበስ አደረገች። «ሽፋሽፍቱን ነካ ነው። ካልተርገበገበ አለቀ።» ከዚያ ፈገግታው ደረቀና እጁን ነጭ ጋውኑ ኪስ ውስጥ ከተተ።

መርማሪዋ አስከሬኑን በክብር ካስነሳች በኋላ፣ አራቱንም ከነዳይሬክተሩ በንባብ ጠረጴዛው ዙሪያ አስቀመጠች።

«የሻዩ ነገር ይቅር» አለች። «ሞት በአፏ አልገባም፤ በካኑላዋ ነው የገባው። ወተት የመሰለው መድኃኒት እዚያው ቀርቷል።»

«ታዲያ ማን?» አለ ዳይሬክተሩ።

«ቀስ በል፣ ዶክተር። ሲስተር ሻካራውን ጎን ዓይኗ ላይ አታደርግም። ሌላ ሰው ገልጦ፣ በጨለማ ሲመልሰው ገልብጦታል። ለምን ገለጠ? ሲገልጥ ምን ነካ? የግራ ሽፋሽፍቷን ነው። ኩሉ ወደ ጎን ተስቧል። በዚያው ጣቱ ደግሞ የተኛች እንድትመስል ብርድ ልብሱን ሳበላት፤ ጠርዙን አጠቆረው።»

«ራሷ አሽታው ይሆናላ» አለ ማደንዘዣ ሰጪው።

«ጣቷ ንጹሕ ነው። መድኃኒቱን ማግኘት የምትችሉት ደግሞ ሁለት ናችሁ። ነርሷ ብትሆን ትከሻ በቆነጠጠች። ሽፋሽፍት የምትነካ አንተ ነህ። ሌባ እንኳ ልማዱን ቤቱ ጥሎ አይወጣም። እስቲ የቀኝ ኪስህን ገልብጥ።»

አልገለበጠም። ተንፍሱ ተነስቶ ገለበጠለት። የኪሱ አፍ ላይ፣ ነጩ ጨርቅ ጠቁሯል።

ነርሷ ብድግ አለች። «ያቺን ሕፃን ያስተኛሃት አንተ ነበርክ!»

ሰውየው ጠረጴዛውን እያየ ተናገረ። «ቀዶ ጥገናው አልቆ ሐኪሙ ወጥቶ ነበር። ስልክ ላወራ ወጣ ብዬ ነው። ስመለስ ሲስተር እየጮኸች ነው፤ ሕፃኗ ትንፋሿ ቆሞ ጠቁራለች። ዝም በይልኝ ብዬ እግሯ ላይ ወደቅኩ፣ እምቢ አለች።» ቀና አለ። «ግን ሲስተር ምንም አልተሰማትም። ተኝታ ነው የሄደችው።»

«እሱን ለሲስተር እናት ትነግራታለህ» አለች መርማሪዋ። «ለሕፃኗም እናት። ሲስተር ልትነግራት የነበረውን ሳታስቀር።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ።

«እህቴ» አለች መርማሪዋ ወደ ሠራተኛዋ ዞራ፣ «ልጆችሽ ጋ ሂጂ። ማንም አይነካሽም።»

ሠራተኛዋ ልትነሳ ሞከረች፤ ግን ተመልሳ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ደረቷ ይርገበገባል። ተንፍሱ አጠገቧ ቁጢጥ አለ። «በአፍንጫሽ ሳቢ… ቀስ ብለሽ ደግሞ…»

«ተወኝ ወንድሜ!» ብላ ጮኸችበት። «ጓደኛዬ ሞታ ከጠዋት ጀምሮ እንደ ነፍሰ ገዳይ ተቀምጫለሁ። መጀመሪያ ላልቅስላት!»

መርማሪዋ ዳይሬክተሩን ክንዱን ይዛ አስወጣችው፤ በሩንም ዘጋች። ከዚያ ወንበር ስባ ከሠራተኛዋ ጎን ተቀመጠችና ነጠላዋን አቀበለቻት።

«አልቅሺ» አለቻት። «እኔም አለሁ።»