የመጨረሻው ችካል

እኔ በእንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም፣ አስተማሪ ነኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሐበሻ ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ፣ ለሁሉም ነገር ምክንያት ካላገኘሁ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ስለዚህ ይህን ስነግራችሁ እንደማፍር እወቁልኝ።

በፈረንጆቹ 2008፣ በሌሎቹ ቀናት ፍራንክፈርት፣ ሆኽስት የሚባል ሰፈር ውስጥ በአንድ የአረጋውያን ቤት እሠራ ነበር። እዚያ ፍራው ኬለር የሚባሉ የዘጠና ዘጠኝ ዓመት ሴት ነበሩ፣ የተወለዱት ናሚቢያ፣ አገሩ የጀርመን ቅኝ ግዛት ሳለ። አባታቸው ለሰፋሪዎች ከተማ መንገድ የሚለካ ቀያሽ ነበር። ከተማ እንዴት እንደሚቆረቆር ላስረዳችሁ፦ ሠላሳ እርምጃ ይለካል፣ ችካል ይመታል፣ ችካሉ ያረፈበት ጎጆ ይፈርሳል። ያኔ የአምስት ዓመት ልጅ ሆነው ችካሎቹን በቀሚሳቸው ቋጥረው አባታቸውን የሚከተሉት እሳቸው ነበሩ። የመጨረሻው ችካል የሚያርፈው ያሳደገቻቸው ሞግዚት ጎጆ ላይ መሆኑን ሲያውቁ ደበቁት። ወዲያው ጦርነት ተነሥቶ ወደ ጀርመን ተመለሱ፣ የጎጆዋን መጨረሻ አላወቁም፣ ችካሉ ግን ዕድሜ ልካቸውን ከመሳቢያቸው አልወጣም።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አልጋቸውን ሳነጥፍ ችካሉን እጄ ላይ አኖሩት።

"ያዝልኝ፣ አባቴ እየመጣ ነው። ይህን ካላገኘ የእሷን ቤት ማፍረስ አይችልም።"

እመኑኝ፣ አላሾፍኩም፣ አስረዳኋቸው! ከተማው ከተሠራ መቶ ዓመት ሊሞላው መሆኑን፣ እኔ ኢትዮጵያዊ እንጂ ናሚቢያዊ አለመሆኔን፣ ሠራተኛ ከነዋሪ ዕቃ መቀበል ክልክል መሆኑን፣ በተራ በተራ። ከዚያ ችካሉን መሳቢያው ውስጥ መልሼ ዘጋሁት።

"አባቴም እንዳንተ ሥርዓት ይወድ ነበር" አሉኝ፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ።

ኮሪደሩ ላይ ጋሪ እየገፋሁ ሳለ ነው የሰማሁት፣ ቷ፣ ቷ፣ ቷ፣ መዶሻ እንጨት ሲመታ። ከዚያ ጸጥ አለ። ልማዴ ነውና ቆጠርኩ፣ ሠላሳ ስደርስ እንደገና፣ ቀረብ ብሎ።

"ለተብርሃን፣ የሚጠግን ሰው መጥቷል እንዴ?" አልኳት፣ ኤርትራዊቷን የሥራ ባልደረባዬን።

"አንታ መምህር፣ እሑድ እኮ ነው! እዚህ አገር እሑድ ሚስማር ብትመታ ፖሊስ ነው የሚጠሩብህ" ብላ ሳቀች። እሷ አልሰማችም።

ሦስተኛው ከጎረቤት ክፍል መጣ፣ አራተኛው ከፍራው ኬለር ክፍል። ሮጥኩ። አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ወለሉን ያያሉ።

"ድስቷን እንኳ አላወጣችም" አሉ፣ እራት ሳይቀርብ አረፉ።

መሳቢያው ባዶ ነበር። ወለሉ ላይ፣ ከአልጋው አጠገብ፣ አውራ ጣት የሚያስገባ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ነበረ። ለተብርሃን "የአልጋው ጎማ ነው" አለች፣ አለች እንጂ እያማተበች ነው።

እኔ የተጠየቅኩት መያዝ ብቻ ነበር፣ ለአንድ ከሰዓት። አሁን እሑድ ፍራንክፈርት ጸጥ ሲል ሳላስበው መቁጠር እጀምራለሁ፣ ሃያ ስምንት ስደርስ ተነሥቼ ራዲዮ እከፍታለሁ።