ጫፉ የተቆረጠው ካርድ

አለቃ የሞተው ሹካውን እንደያዘ ነው። ከጠረጴዛው ሥር በጎኑ ወድቆ፣ ፊቱ አብጦ፣ ከንፈሩ ላይ የኬክ ፍርፋሪ እንዳለ አገኙት። ጠረጴዛው ላይ አንድ ቁራሽ የጎደለው የማር ኬክ ተቀምጧል። ከኬኩ ፊት ቢጫ ካርድ ቆሟል፤ ካርዱ «ይበላል» ይላል። እሱም በላ።

ችግሩ ኬኩ ውስጥ የተፈጨ ለውዝ መኖሩ ነው። አለቃ በዚህ ዓለም ላይ የማይበላው ነገር ቢኖር ለውዝ ብቻ ነበር። ሌላውን ሁሉ በደስታ ያስተናግዳል፤ ለውዝ ከቀመሰ ግን ጉሮሮው ያብጥና ትንፋሽ ያጥረዋል። ለክፉ ቀን የሚወጋው መርፌ ነበረው፤ መርፌው ያለበት ቦርሳ ግን ፎቅ ላይ ቀርቷል።

ታላቅ እህቱ እትዬ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ እጇን በሽርጧ ትጠርጋለች። እጇ ከደረቀ ቆይቷል፤ እሷ ግን መጥረጓን አላቆመችም። ኬኩን የጋገረችው እሷ፣ ካርዱን ያቆመችው እሷ። እንደሚመስላት ከሆነ መርማሪ መጥራትም አያስፈልግም ነበር። ከሐዘኑ ይልቅ የከበዳት ሐፍረቱ ነው። ወንድሟ ሞቶ እሷ ስለ ራሷ ሐፍረት የምታስብ መሆኗ ደግሞ ሌላ ሐፍረት ሆነባት።

ይህን የካርድ ነገር አስቀድመን እንናገረው። ቤቱ የንድፍ ሥራ ቤት ነው፤ የብስኩት ካርቶን፣ የጠርሙስ ወረቀት፣ የመጽሐፍ ሽፋን ይነደፍበታል። ሰሞኑን የሚሠራው የእትዬ የምግብ መጽሐፍ ነው። ርዕሱ «ይበላል» ተብሏል። እሷ ትጋግራለች፣ ፎቶ አንሺዋ ታነሳለች፣ ንድፍ ሠሪው ገጹን ያሳምራል። ንድፍ ሠሪውን ሁሉም «መስመር» ይሉታል፤ አንዲት ፊደል ከቦታዋ ፀጉር ታህል ከራቀች እንቅልፍ አይወስደውም። አለቃ በጤናው ምክንያት ከወጥ ቤት የሚወጣ ሳህን ሁሉ ካርድ ይኑረው ብሎ አዘዘ። ለውዝ የሌለበት ላይ «ይበላል»፣ ያለበት ላይ «አይበላም»። መስመር ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ቢጫ ወረቀት፣ በአንድ ልክ፣ ፊደሎቹን እንደ ሐረግ አጠላልፎ ሠራቸው። ያን ጊዜ እትዬ «አንዱን ቀይ ብታደርገው ምናለበት?» ብላው ነበር።

«ያስጠላል፣ እትዬ! ወንድማማችነታቸው ይጠፋል» አላት። እሷም ወደ ምድጃዋ ተመለሰች።

መርማሪዋ ከቀትር በኋላ መጣች። ወፈር ያለች፣ ድምጿ ዝግ ያለ፣ ዓይኗ ከሰው ፊት ይልቅ ሰው የነካው ነገር ላይ የሚያርፍ ሴት ናት። አስከሬኑን ካየች በኋላ ቀጥታ ወጥ ቤት ገባች። ከሳህኑ ላይ ብስኩት አየች።

«ይሄ ይበላል?»

«ይበላል» አለች እትዬ፤ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ አንገቷን ደፋች።

መርማሪዋ ገመጥ አደረገች። «ቅቤው ቡናማ እስኪሆን በስሎ ነው የገባው፣ አይደል?»

«አዎ፣ ሆን ብዬ ነው።»

«የኔ ሳላስበው ነው የሚያርርብኝ። ጠዋት ኬኩን ሲያወጡ የትኛውን ካርድ አቆሙበት?»

«አይበላም የሚለውን።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

እትዬ እንደገና እጇን በሽርጧ ጠረገች። መርማሪዋ ላስቲክ ውስጥ የገባ ካርድ ከቦርሳዋ አውጥታ ዘረጋችላት። «ይሄ ከኬኩ ፊት የነበረው ነው። እስቲ ያንብቡልኝ።»

«መነጽሬን… የት እንዳደረግኩት እንጃ።»

መርማሪዋ ካርዱን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። ወጥ ቤቱን በዓይኗ ዞረች። መደርደሪያው ላይ ሃያ የሚሆኑ ጠርሙሶች አሉ፤ አንዱም ላይ ጽሑፍ የለም። በአንዱ አንገት ቀይ ክር፣ በአንዱ ሁለት ቋጠሮ፣ በሌላው የሸሚዝ ቁልፍ ታስሯል። መሳቢያውን ሳበች። ቢጫ ካርዶችና መቀስ አሉበት። ካርዶቹን አንድ በአንድ አገላበጠቻቸውና «እሺ» ብላ መልሳ ዘጋችው።

የእትዬ ጆሮ ጋለ። ማንበብ አትችልም። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አሁን እሱ ከጠረጴዛ ሥር ተጋድሟል። እሱ ትምህርት ቤት ሲገባ እሷ የሰው ወጥ ቤት ገባች፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜ እየጨመረ፣ መጠየቁ እያሳፈረ ሄደ። በምሳ ሰዓት ገጾቹን ቀስ ብሎ ያነብላታል፤ ሰው ሲገባ ወሬ ያስመስለዋል። ካርዶቹን በራሷ መላ ትለያቸዋለች። ዛሬ ጠዋት ግን ቸኩላ ነበር፤ እጇም ዱቄት ነበር። ተሳስታ ቢሆንስ? ደራሲ ሊሏት ነበር እኮ፣ የገዛ መጽሐፏን ርዕስ የማትለየውን ሴትዮ!

መርማሪዋ ወደ ትልቁ ክፍል ስትመለስ እትዬ በሩ ላይ ቀረች። ከመስኮቱ ሥር የአለቃ ሁለት ጥንቸሎች፣ ነጥብና ሰረዝ፣ በሽቦ ቤታቸው ውስጥ አፍንጫቸውን ያርገበግባሉ። ሽቦው ላይ ሌላ ቢጫ ካርድ ተሰክቷል።

«አንቺ የት ነበርሽ?» አለች መርማሪዋ ፎቶ አንሺዋን።

«ትርፍ ባትሪ ልገዛ ወጥቼ ነበር። ስወጣ ኬኩ ገና ወጥ ቤት ነበር። ካሜራዬን እዚሁ ትቼው ነው የሄድኩት።»

«የመጨረሻው ፎቶሽ ቁጥር ስንት ነው?»

«መቶ አሥራ ሁለት።»

«አሁን አንድ አንሺ። ምንም ይሁን።»

ፎቶ አንሺዋ መስኮቱን አነሳች። ቁጥሩን አየችና ፊቷ ተለዋወጠ። «መቶ አሥራ አራት ይላል። መቶ አሥራ ሦስትን አላነሳሁም!»

መርማሪዋ ወደ መስመር ዞረች። «አንተስ?»

«ፎቅ ነበርኩ። ኬኩን ዓይኑንም አላየሁት።» እየተቅለሰለሰ ጨመረ፤ «እትዬ ናቸው ያስቀመጡት። ሰው ናቸው፣ ይሳሳታሉ። እኔ አልፈርድባቸውም።»

እትዬ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጣት ወደደች።

መርማሪዋ ከጥንቸሎቹ ቤት ላይ ካርዱን ነቅላ ለፎቶ አንሺዋ ሰጠቻት። «አንብቢው።»

ፎቶ አንሺዋ «አይበላም» አለች፣ «በ»ን አጥብቃ፤ ለመብል አይሆንም ማለት ነው።

«አንተም።»

መስመር «አይበላም» አለ፣ «በ»ን አላልቶ፤ እሱ መብላት እምቢ ብሏል ማለት ነው። «እኔ ነኝ የሰካሁት። ሰረዝ ሁለት ቀን ሙሉ እህል አልቀመሰም፤ አለቃ እንዲያየው ብዬ ነው።»

«ጽሑፉ አንድ፣ ንባቡ ሁለት» አለች መርማሪዋ። «ካርዱን ከየት አመጣኸው?»

«ፎቅ ካለው ጠረጴዛዬ። የሠራኋቸው እኔ አይደለሁ?»

መርማሪዋ ከጥንቸሎቹ ቤት አጠገብ ሳህን ላይ ከነበረው ካሮት አንዱን አንስታ በሽቦው አሾለከች። ሰረዝ ከእጇ ነጥቃ ቆረጣጠመችው።

እትዬ ሳታስበው «አታብዙባት፤ ጠዋትም ሦስት በልታለች» አለች። መርማሪዋ ቀና ብላ አየቻት፤ ከዚያ ካርዱን ወደ ብርሃን አዙራ ጫፉን አጥብቃ ተመለከተች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉንም በአለቃ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠቻቸው። አስከሬኑን ወስደውታል፤ ወንበሩ ባዶ ነው፤ ማንም አልተቀመጠበትም።

«ነገሩ ግድያ መሆኑን እጠራጠራለሁ» ብላ ጀመረች። «ውሸት መሆኑን ግን አልጠራጠርም። እትዬ ኬኩን ያወጡት ፎቶ አንሺዋ ባትሪ ልትገዛ ከወጣች በኋላ ነው። እሳቸው ወጥ ቤት ተመልሰው ማደባለቂያውን አስነሱ፤ ከዚህ የሚሰማ ነገር አልነበረም። በዚያ መሀል አንድ ሰው በካሜራው ፎቶ አንስቶ በኋላ አጥፍቶታል። ቤት ውስጥ ማን ቀረ?»

መስመር እጁን አጣጠፈ። «ካሜራ ይዘላል። ዕቃ ነው።»

«ይሁን። ወደ ጥንቸሉ እንሂድ። ሁለት ቀን አልበላም ያልከው ሰረዝ፣ አንደኛ ሴት ናት። ሁለተኛ ሆዷን የምትወድ ናት። ልታሳስብህ ቀርቶ አይተሃትም አታውቅም። ስለዚህ ያ ካርድ ለጥንቸል አልተሰካም፤ ከሌላ ቦታ ተነስቶ እጅ ለማስለቀቅ ሽቦው ላይ የተጣለ ነው።»

«ከጠረጴዛዬ ነው ያመጣሁት አልኩ እኮ!»

«ጠረጴዛህን አይቻለሁ። ስልሳ ካርድ አለ፤ ሁሉም አራት ማዕዘናቸው ደህና ነው። ይሄኛው አንድ ጫፍ የለውም።»

«ጥንቸሉ ነዋ የበላው!»

ፎቶ አንሺዋ ሳታስበው ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች።

«የማይበላው ጥንቸል?» አለች መርማሪዋ። «የጥንቸል ጥርስ ወረቀትን ይሸርፋል። ይህ ግን ልክ በማስመሪያ እንደተመታ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ነው፤ መቀስ ነው። ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ ያሉት የ«አይበላም» ካርዶች ሁሉ አንድ ጫፋቸው እንዲህ ተቆርጧል። ከ«ይበላል» ካርዶች ግን አንዱም አልተነካም። ስለዚህ ይህ ካርድ ከወጥ ቤት ከኬኩ ጋር ወጣ። እትዬ አልተሳሳቱም። ካርዱን የቀየረው ከእሳቸው በኋላ የመጣ ሰው ነው።»

እትዬ ትንፋሿን ዋጠች። አልተሳሳቱም። ቃሉን ደግማ ለራሷ አለችው።

መስመር ግን ብድግ አለ። «ጤነኛ ሰው ካርድ ይቆርጣል? ምን ለማድረግ? አለቃ ከሞተ በኋላ በእኔ ለማላከክ ተቀምጠው የቆረጡት ቢሆንስ? ሽቦው ላይ ያለውንም ጨምረው! ለምን እንደሚቆርጡ ይንገሩን እስቲ!»

መርማሪዋ መልሱን ታውቀዋለች፤ ከፊቷ ያስታውቃል። ግን አልተናገረችም። «ይህን መመለስ የሚችሉት እትዬ ብቻ ናቸው» አለች ዝግ ብላ። «ነገሩ የኔ አይደለም፤ እኔ አላወጣውም። ካልተመለሰ ግን እሱ ያለው እንዳለ መዝገብ ላይ ይገባል።»

እትዬ ፎቶ አንሺዋን አየች፤ «የኔ ደራሲ» እያለች የምትቀልድባትን ልጅ። መስመርን አየች፤ ስንት ምሳ ያበላችውን። ዝም ካለች የወንድሟ ገዳይ ናት። ከተናገረች ደግሞ ከነገ ጀምሮ ማንም እንደ ትናንቱ አያያትም።

«ማንበብ አልችልም» አለች።

አንዴ ከወጣ በኋላ መመለስ አልቻለችም።

«ፊደል አልቆጠርኩም። ወንድሜ አንድ ቀን ሁለቱን ካርድ ለየልኝ፤ እኔም የአይበላምን ጫፍ በመቀስ ቆረጥኩ። በጣቴ ነው የማውቀው። ዱቄትም ቢኖርብኝ አውቀዋለሁ። አንዱን ቀይ አድርግልኝ ያልኩህ ለዚህ ነው፤ ለምን ብለህ ብትጠይቀኝ የምመልሰው አልነበረኝም።»

እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም። ፎቶ አንሺዋ ልትነሳ ብላ ፈራችና ተቀመጠች።

መስመር ወንበሩን ይዞ ተቀመጠ።

«ለሽፋኑ ነበር» አለ፤ ድምጹ ለራሱም አይሰማም። «ኬኩ ሲወጣ አየሁት፤ ብርሃኑ ከመስኮቱ ገብቶበት በጣም ያምር ነበር። የመጽሐፉ ርዕስ ይበላል፣ ካርዱ አይበላም። እንዴት አድርጌ ሽፋን ላደርገው? ከጠረጴዛዬ ባመጣሁት ይበላል ቀየርኩት። አንድ ፎቶ ብቻ። የነበረውን ሽቦው ላይ ሰካሁና ካሜራውን ይዤ ወደ ፎቅ ሮጥኩ፤ ገጹ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ ለማየት። ልመልሰው ነበር። ፊደሉን ትንሽ ወደ ግራ… ትንሽ ወደ ቀኝ… ሰዓቱን ረሳሁት።»

«ስትወርድስ?»

«ወድቆ አገኘሁት።»

«ከዚያስ?»

«ፎቶውን አጠፋሁ። እትዬ ደግሞ 'እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ' እያሉ ያለቅሱ ነበር። ዝም አልኩ። አፍሬ ነው፤ በእውነት አፍሬ ነው።»

እትዬ የሰማችው ይህን ነው፤ አፍሬ ነው። ሐፍረትን እሷም ታውቀዋለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ አብራው ኖራለች። የራሷን ሐፍረት ግን በማንም ትከሻ ላይ ጭናው አታውቅም።

መርማሪዋ የመስመርን ቃል በሁለት ገጽ ጻፈች። የተገኙት ሁሉ በምስክርነት እንዲፈርሙበት ወረቀቱን አዞረች። ፎቶ አንሺዋ ፈረመች። ወረቀቱ እትዬ ዘንድ ሲደርስ እስክሪብቶውን አላነሳችም። ወንድሟ ያስተማራት አንዲት ጭረት ነበረች፤ ፊርማ የምትመስል። ዛሬ አልፈለገቻትም።

«አሻራ ነው የምሰጠው» አለች። «መጀመሪያ ግን ይነበብልኝ።»

መርማሪዋ እጇን ወደ ወረቀቱ ዘረጋች።

«እርስዎ አይደሉም» አለች እትዬ። ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ወደ መስመር ገፋችው። «እሱ ያንብብልኝ።»

መስመር መርማሪዋን አየ። መርማሪዋ መስኮቱን አየች። ወረቀቱን አንስቶ ጀመረ።

«ጮክ በል» አለችው።

ጮክ አለ። ካርዱን እንደቀየረ አነበበ። ፎቅ እንደወጣ አነበበ። አለቃን ወድቆ እንዳገኘው፣ ፎቶውን እንዳጠፋ አነበበ። ሁለተኛውን ገጽ ገለጠ። «…በመቀጠልም በመርማሪዋ ስጠየቅ፣ ስሕተቱ የእትዬ…» ሲል ድምጹ ተቆረጠ። ቀና ብሎ አያት፤ እንድትተወው።

«ቀጥል» አለችው እትዬ። «ማንበብ የምትችለው አንተ ነህ።»