የሟቿ ድርሻ

የዴሊካው ሚኒባስ የኋላ መስኮት በትንፋሽ ደብዝዟል።

ጺያላ ድልድዩ ላይ ቆማ አየችው። ሹፌሩ ብቻውን መምጣት ነበረበት። ከፊት የተቀመጠ ሰው የኋላውን መስታወት እንዲህ አያደበዝዝም። የኋላ ወንበሩ ሥር ሌላ ሰው ተደብቆ ተኝቷል።

ሹፌሩ ወርዶ መጣ። ጆኪያ ይባላል። ለስለላ መሥሪያ ቤቷ አራት ዓመት ሠርቷል። የይለፍ ቃሉን በስቫንኛ፣ በዚህ ተራራ ሕዝብ ቋንቋ፣ ሳያዛንፍ ተናገረ።

«ላሟ ከወንዙ ማዶ ቀረች።»

መልሱ «በጸደይ ትመለሳለች» ነው። ይህን ብላ ጓንቷ ውስጥ የደበቀችውን ጥፍር የምታክል ካርድ ትሰጠዋለች። ካርዱ ላይ ከድንበሩ ማዶ ሊታሰሩ የተወሰነባቸው የአሥራ አንድ ሰዎች ስም አለ። እስከ ነገ ማታ ካልተነገራቸው አለቀላቸው።

«ይቅርታ፣ አልገባኝም» አለች በእንግሊዝኛ።

ጆኪያ አተኩሮ አያት። የሚጠብቃት ሰላይ «መርፌ» እንደምትባልና ስቫን እንደሆነች እንጂ መልኳን አያውቅም። ፓስፖርቷ ኤቫ የምትባል ፖላንዳዊት ቱሪስት ነች ይላል።

«ማደሪያ?» አለ በተሰባበረ እንግሊዝኛ። «ነይ፣ አሳይሻለሁ።»

እንግዳ የሚያሳድረው ቤት አንድ ብቻ ነው። የእናቷ ቤት።

ከስድስት ዓመት በፊት መሥሪያ ቤቱ ጺያላ በበረዶ ናዳ ሞተች ብሎ አስነግሯል። አፍንጫዋን አስተካክለው፣ ፀጉሯን ቀይረው ላኳት። ለዛሬው ሥራ ይህን መንደር ሲመርጡ ማንም አልጠየቃትም። እሷም ምንም አልተሰማት።

በረዶው ደረት ይደርሳል። ከበሩ እስከ አጥሩ ግን ሰው የሚያሳልፍ መንገድ ንጹሕ ሆኖ ተጠርጓል።

ሊፓናሊ ነው፤ ሙታን ወደ ቤታቸው የሚመጡበት ሳምንት። መንገዱ የተጠረገው ለእነሱ ነው። በዚህ መንደር በሕይወት ያለ ሰው አይረግጠውም።

እግሯ ሳያማክራት ወደ ጎን ወጣ። እስከ ወገቧ በረዶ ውስጥ ገባች።

ጆኪያ ቆመ።

ቱሪስት የተጠረገ መንገድ ትቶ በረዶ ውስጥ አይዋኝም።

እናቷ ናኑሊ በሩ ላይ ነበረች። የጎኑን ዱካ አየች። ከዚያ የእንግዳዋን ፊት አየች። ለመለየት ረጅም ጊዜ አልፈጀባትም።

«ምን ይገትርሃል?» አለችው ጆኪያን። «አስገባት እንጂ! እንጨት ሆና ልትቀርብኝ ነው።»

ጠረጴዛው ተዘርግቷል። ከግድግዳው በኩል የሟቿ ቦታ ነው፦ ፎቶ፣ ሻማ፣ ማንም የማይነካው ኩብዳሪ፣ ሥጋ የተሞላ ዳቦ። ጺያላ ከፎቶዋ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

ጆኪያ የአረቄ ብርጭቆውን አነሣ። «ለጺያላ ነፍስ» አለና ድምፁን ሳይቀይር በዚያው በስቫንኛ ለእንግዳዋ ቀጠለ። «አንቺ፣ ሱሪሽ በእሳት እየተያያዘ ነው።»

አልተነቃነቀችም። ፈገግ ብላ ብርጭቆዋን አነሣች።

«መንገዱን አልረገጠችም፣ እትዬ ናኑሊ» አለ። «ማን ነገራት?»

«እኔ ነኛ! ከበሩ እጄን አወናጭፌ ስጮህባት አልሰማህም? ወይስ ጆሮህንም መኪናህ ውስጥ ረሳኸው?»

«አልሰማሁም።»

እጁ ወደ ጃኬቱ ውስጥ ገባ።

ናኑሊ ተነሣች። የሟቿን ሳህን አንሥታ እንግዳዋ ፊት አኖረችው። በእጇ ምልክት ሰጠቻት፤ ብዪ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» የጆኪያ ፊት ነጣ። «የልጅሽ ድርሻ እኮ ነው!»

«ስድስት ዓመት ዘረጋሁላት። መጣች? እቺኛዋ ቢያንስ ትከፍለኛለች።»

ጺያላ ቆርሳ ጎረሰች። ቅመሙ ያው ነው። አላመጠች። ዋጠች። ሌላ ቆረሰች።

ጆኪያ እጁን ባዶውን አወጣ። ስቫን ነው፤ ስቫን የሆነች ሴት የሟች ድርሻ ትበላለች፣ እናትም ይህን በሐሰት ታደርጋለች ብሎ ማሰብ አልቻለም። አማተበና ወጣ። ከውጭ ለጎረቤቱ ሲጮህ ተሰማ። «ናኑሊ አብዳለች! የሟች ምግብ ለቱሪስት!»

የዴሊካው ሞተር ተነሣ። ራቀ።

እናትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። ናኑሊ ሳህኑን አነሣችና ጀርባዋን ሰጥታ ማጠብ ጀመረች።

«መንገድ ጠራጊው መኪና በጠዋት ይወርዳል» አለች። «ከእሱ ጋር ሂጂ።»

የተናገረችው በእንግሊዝኛ አልነበረም፤ በስቫንኛ ነበር። ኤቫ ስቫንኛ አትሰማም። ጺያላም እስከ ጠዋት ኤቫ ሆና ቆየች።

ካርዱ በማግስቱ ቀትር ላይ ደረሰ። ከአሥራ አንዱ አሥሩ አመለጡ። ከሃዲው ጆኪያ በመጋቢት ተያዘ።

በሚቀጥለው ጥር፣ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም፣ የዚያ ሥራ መዝገብ ከመዘጋቱ በፊት እንድትፈርም ቀረበላት። የመጨረሻው አንቀጽ አጭር ነበር።

«የማደሪያው ባለቤት፦ መንደርተኛው ከዚያ ወዲህ ደጇን አይረግጥም። ዘንድሮ በሊፓናሊ ከቤቷ ፊት ለሙታን በረዶ አልጠረገችም። ለሥራው አግባብነት የለውም።»

አዲሱን ስሟን ፈረመች። የፊደሎቹን አጣጣል ገና አልለመደችውም።