ከተሰሎንቄ የመጡ ፎቶዎች

ግንበኛው ደረሳ ቆርቆሮውን ሲገልጠው ሽታው ቀደመው።

ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። ግድግዳው ቆሞ ጣሪያው ገና ያልተመታ ቤት። ከጓሮው በዚያ ቆርቆሮ የተከደነ፣ ለሽንት ቤት የተቆፈረ ጥልቅ ጉድጓድ አለ። ሲሚንቶ ጠፍቶ ሥራው ሁለት ሳምንት ቆሞ ነበር። ደረሳ ጎንበስ ብሎ አየ። መጀመሪያ የታየው ቀይ ጫማ ነው። ቀጥሎ እግር።

አስከሬኑ ረፋድ ላይ ወጣ። ፊቱ ተበላሽቷል፤ በመልክ የሚለየው ሰው አልነበረም። ሐኪሙ ግን የግራ እግሩን ሲመረምር እጁን አቆመ።

«ኢንስፔክተር፣ ይህን ብረት አጥንቷ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ» አለ። «ከሁለት ዓመት በፊት ባጃጅ ገጭቷት። ድርቤ ናት። የታሪክ አስተማሪዋ።»

ኢንስፔክተር ሸዋገነት ማስታወሻ ያዘች። «መቼ ነው የሞተችው?»

«አሥር ቀን አልፏታል። ከአሥራ አምስት ግን አይበልጥም።»

ሸዋገነት ሳጅን ታፋን ይዛ ወደ ሟቿ እናት ቤት ሄደች። እናትየው አዴ አስካለ በረንዳቸው ላይ ጎመን ይቀነጥሳሉ። ሸዋገነት አንገር ጉቲን በምትባል ከተማ ያደገች የወሎ ሰፋሪዎች ልጅ ናት፤ ኦሮምኛዋ ከአማርኛዋ አያንስም። በኦሮምኛ ሰላም አለቻቸው፣ አጠገባቸው ተቀመጠች፣ መርዶውን እንደምንም ተናገረች።

አዴ አስካለ አልደነገጡም።

«ተሳስተሻል፣ ልጄ። ድርቤ ተሰሎንቄ ናት። ዛሬ ጠዋት ፎቶ ልካልኛለች።»

ስልካቸውን ከጉያቸው አወጡ። አንድ የውጭ የመምህራን ማኅበር ድርቤን ለአሥራ አምስት ቀን ጉብኝት ጋብዟት ነበር። ፎቶዎቹ በየቀኑ መጥተዋል። ሰማያዊ ባሕር። ባሕሩ ዳር የቆመ ክብ ነጭ ግንብ። በቀይ ጡብ የተሠራ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን። በአንዳንዶቹ ላይ ቢጫ ሻርፕ ያደረገች ሴት ቆማለች። ሻርፑ የድርቤ ነው። ሴትዮዋ ግን በሁሉም ፎቶ ላይ ጀርባዋን ሰጥታለች።

«ጳውሎስ ደብዳቤ የጻፈላት ከተማ እኮ ናት» አሉ አዴ አስካለ። «ልጄ እዚያ መቆሟ ትንሽ ነገር መሰለሽ?»

«ድምጿን ሰምተዋል?»

«ኔትወርኩ ለድምፅ አይሆንም ብላለች።»

«ስትሄድ ማን ሸኛት?»

«እኔ ከደጃፍ መርቄ ሁለቱንም ሸኘኋቸው። ድርቤንና ዱረቲን። ዱረቲ የሟች እህቴ ልጅ ናት፤ ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ እንደ ድርቤ ሀርሜ፣ እናቴ፣ ነው የምትለኝ። ድርቤን አውቶብስ አሳፍራ፣ እሷ አንገር ጉቲን ወደተመደበችበት ትምህርት ቤት አለፈች።»

ሳጅን ታፋ ለዱረቲ በቴሌግራም ጻፈላት። መልሱ ወዲያው መጣ። «አሳፍሬያታለሁ። እዚህ ኔትወርክ አስቸጋሪ ነው፤ መደወል አልችልም።»

በዚያው ቅጽበት የአዴ አስካለ ስልክ በእጃቸው ላይ ተንቀጠቀጠ። ታፋ ተቀብሎ አነበበላቸው።

«ሀርሜ፣ ዛሬ አኖ ነኝ። ከላይ ሆኜ ባሕሩን አየሁት።»

እናትየው ፈገግ አሉ። ታፋ ስልኩን መለሰላቸው። አስከሬኗን በዓይኑ አይቷል።

ከግቢው እንደወጡ ታፋ ወደ ሸዋገነት ዞረ። «አኖ! ከዚህ በአዲስ አበባ መንገድ ያለችው አኖ እኮ ባሕር የላትም። የላከው ሰው አፉ አዳልጦት ነው። ጅምር ቤቱ የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? የጂሩ። እጮኛዋ ነው። ወፍጮ ቤቱ ደግሞ አኖ ነው።»

ጂሩን ከወፍጮው ሥር፣ ዱቄት እንደለበሰ፣ ይዘውት መጡ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ማን እንደተገኘች በመንገድ ላይ ነገሩት። አዴ አስካለም ጣቢያ ድረስ ተከትለው መጥተዋል። ስልካቸውን ለማንም አልሰጡም። ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ።

«ድርቤን መጨረሻ ያየሃት መቼ ነው?» አለች ሸዋገነት።

«ከመሄዷ ሁለት ቀን በፊት።»

«ተጣልታችሁ ነበር።»

«አዎ። ሄዳ ትቀራለች ብዬ ፈራሁ። ክፉ ተናገርኳት።»

«በሄደችበት ጠዋትስ?»

«አኖ ነበርኩ። የገበያ ቀን ነው። ወፍጮው ደጃፍ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ይመስክር።»

«ዛሬ ከአኖ መልእክት ተልኳል።»

ማስታወሻዋ ላይ የገለበጠችውን መልእክት አሳየችው። አንብቦ ሲጨርስ ፊቱ ከዱቄቱ በላይ ነጣ።

«ይቺ አኖ የኛዋ አይደለችም» አለ። «ድርቤ የከተማውን ካርታ አሳይታኝ ነበር። ተሰሎንቄ ኮረብታ ላይ ያለው አሮጌ ሰፈር ነው። አኖ ማለት ላይኛው ማለት ነው አለችኝ። ያንተ አኖ እዚያም አለልህ ብላ ሳቀችብኝ።» ማስታወሻውን መለሰላት። «ኢንስፔክተር… ጉድጓድ ውስጥ የተገኘችው ድርቤ ከሆነች፣ እዚያ ያለችው ማን ናት?»

ሸዋገነት ወደ አዴ አስካለ ዞረች።

የአዴ አስካለ ስልክ ጮኸ። የጂሩ ስልክ ተዘግቶ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

የመጣው ቪዲዮ ነው። ጠባብ የድንጋይ ደረጃ፣ ግራና ቀኝ የተዘጉ መስኮቶች። ካሜራው ሽቅብ ይወጣል። ሰው አይታይም። የሚሰማው ትንፋሽና የእግር ኮቴ ብቻ ነው። ኮ፣ ኮ፣ ኮ፣ ኮ።

«ድገሚው» አለ ጂሩ።

ሸዋገነት ስልኩ በአዴ አስካለ እጅ ላይ እንዳለ ደገመችው።

«ይህ የድርቤ አረማመድ አይደለም። ድርቤ ታነክሳለች። ደረጃ ስትወጣ አንዱን እግር ጎትታ ነው። ይህ ኮቴ ልክ ነው። አንዱ ካንዱ አይለይም።»

አዴ አስካለ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ነበር። ሦስተኛ ጊዜ አስደገሙት። ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ነጠላቸውን በአፋቸው ላይ ጫኑ። ልጃቸው መሞቷን ያመኑት ያኔ ነው።

ሸዋገነት ከሰዓት አንገር ጉቲን የሚያርሰው ወንድሟ ወሰኔ ጋ ደወለች። ወሰኔ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄዶ ጠየቀ።

«ዱረቲ የምትባል አስተማሪ እዚህ አልመጣችም» አላት። «ተመድባም አታውቅም።»

በማግስቱ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የካሜራ ምስል ተላከ። በድርቤ ፓስፖርት ያለፈችው ሴት ቢጫ ሻርፕ አድርጋለች። ሁለቱን የእህትማማች ልጆች የማያውቃቸው ሰው መንታ ይላቸው ነበር። ጂሩ ግን ምስሉን አንዴ አይቶ ፊቱን አዞረ። ዱረቲ ናት።

ጂሩ ተለቀቀ። ወደ ቤቱ ግን አልሄደም፤ ጣቢያው በር ላይ ቆመ።

«እኔ ልደውልላት» አሉ አዴ አስካለ።

ደወሉ። አልተነሳም። ደገሙ። ተዘጋ። ከዚያ ድምፃቸውን ቀርጸው ላኩ፤ ሁለት ቃል ብቻ።

«ዱረቲ፣ አንሺ።»

አንድ ደቂቃ አልሞላም፤ ስልኩ ራሱ ጠራ። ነፋስ ይሰማል። ከሩቅ ሰዎች በማይታወቅ ቋንቋ ይሳሳቃሉ።

«ሀርሜ…» አለች ዱረቲ።

ሸዋገነት ወደ ስልኩ ጠጋ አለች። «ኢንስፔክተር ሸዋገነት ነኝ። ድርቤን ጉድጓድ ውስጥ አግኝተናታል። ምን ሆነ?»

ሳቁ እየራቀ ሄደ።

«አውቶብስ ሳንሳፈር የጂሩን ቤት ልየው አለች። ወደ ጓሮ ዞርን። እዚያ ለመንኳት። ሦስት ጊዜ ለውጭ አመልክቼ ሦስት ጊዜ ተከልክያለሁ። ለዚህኛውም አብረን ተወዳድረን እሷን መረጧት። መልካችን አንድ ነው፣ ፓስፖርቱን ስጪኝ አልኳት። እሷ አይታ ልትመለስ ነው የምትሄደው። እኔ ልኖር ነበር። ሳቀች። የምቀልድ መስሏት ሳቀች።»

«ገፋሻት።»

«ገፋኋት።»

«ጮኸች?»

«ሁለት ጊዜ ስሜን ጠራች።»

«ከዚያስ?»

«ቆርቆሮውን ሳብኩበት።»

ታፋ መጻፉን አቆመ።

«ፎቶውን ለምን ትልኪ ነበር?» አለች ሸዋገነት።

«ሀርሜ እንዳትጨነቅ። ደግሞ… ድርቤ ማየት የምትፈልገውን ሁሉ በእጇ ጽፋ ቦርሳዋ ውስጥ አስቀምጣ ነበር። ነጩን ግንብ፣ ወደቡን፣ ላይኛውን ሰፈር። አንድም ሳይቀር አየሁላት። በላክሁ ቁጥር በሕይወት ያለች ይመስለኛል። አንዳንዴ በመንገድ ስሄድ ከኋላዬ ትመጣለች። እያነከሰች። ስዞር የለችም።»

«ዱረቲ» አሉ አዴ አስካለ።

«አቤት ሀርሜ።»

«ወደ ፖሊስ ሂጂ። አሁን።»

መስመሩ ተቋረጠ።

ሄደች። በሰው ፓስፖርት በመግባቷ የዚያ አገር ፖሊስ አሰራት፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ በአውሮፕላን መለሷት። ሸዋገነት ቦሌ ተቀብላ ነቀምቴ አመጣቻት። ዱረቲ አሥሬ ዞራ የመኪናውን የኋላ መስኮት ታይ ነበር።

በማግስቱ ሰባት ሰዓት ላይ አዴ አስካለ ጣቢያ መጡ። የለበሱት ጥቁር ነው። ምሳ ዕቃ ይዘዋል። ዱረቲን አወጡላቸው። እግራቸው ላይ ወደቀች።

«ሀርሜ፣ ይቅር በይኝ።»

አዴ አስካለ እጇን ይዘው አስነሷት። አግዳሚው ላይ አስቀመጧት። የምሳ ዕቃውን ከፍተው ጭኗ ላይ አኖሩላት።

«ያመጣሁት ምግብ ነው» አሉ። «ይቅርታ አላመጣሁም።»

በልታ እስክትጨርስ ግን ከአጠገቧ አልተነሱም።