ራደን የሚሞቅበት ድንጋይ

ፓክ ዊራትሞ ሞቶ የተገኘው በአርጃኖው ቤት ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ በጀርባው ተንጋሎ ነው። ቀኝ እጁ ላይ የጥርስ ምልክት ነበረበት። ራደን የሚባለው አርጃኖ፣ ከነጭራው ከሰው ቁመት የሚበልጠው፣ ማሞቂያ አምፖሉ ሥር ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተኝቶ ምላሱን ያወጣል ያስገባል። በባቱ ከተማ ወሬ ከሞተር ብስክሌት ይፈጥናል። ፀሐይዋ ሳትበረታ «አርጃኖ ሰው በላ» ተባለና ጎረቤቱ የቀርቀሃ ዱላ እየያዘ በሩን ሞላው።

እውነቱን ለመናገር ለሟቹ ያዘነ አልነበረም። ፓክ ዊራትሞ ሰፊ የፖም እርሻ ነበረው፤ ክፋቱ ግን ከእርሻውም ይሰፋል። የእንጀራ ልጁን ጋሊህን ያለ አፍ መሸፈኛ የተባይ መድኃኒት ሲያስረጨው ከርሞ፣ ልጁ ትንፋሽ አጥሮት ሲሞት «ድሮም ልቡ ደካማ ነበር» ብሎ በጥድፊያ አስቀበረው። በማግስቱ ፖም ሲያስጭን ዋለ። ቀብሩ ላይ ነበርኩና እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ራደን የጋሊህ ነበር። መዳፍ በማይሞላበት ጊዜ ገዝቶ ያሳደገው፣ በገዛ እጁ ጡብ ደርድሮ ቤት የሠራለት ልጁ ነው። ከሞተ በኋላ እናቱ ቡ ሱንዳሪ ታጎርሰዋለች፤ ቤቱንና አምፖሉን ደግሞ ሠራተኛው ጁማዲ ይጠብቃል።

ኢንስፔክተር ሱማርኒ አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ከእሷ ያነሰውን ሁሉ «አንተ» የምትል ሴት ናት። ገና ከመኪናዋ ሳትወርድ የሟቹ ታናሽ ወንድም ሃርሶኖ መንገድ ዘጋባት።

«ምኑ ይመረመራል? ወንድሜን በልቶታል። ዛሬውኑ ይገደልልኝ» አላት።

«በልቶታል? እኔ እንደሰማሁት ወንድምህ ሙሉ ነው» አለችና አልፋው ገባች።

ቡ ሱንዳሪ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ባሏ እንዴት እንደሞተ አልጠየቀችም። «ራደንን ይገድሉታል?» ብቻ አለች።

«ሰው ገድሎ ከሆነ፣ አዎ።»

የሴትዮዋ ፊት አመድ መሰለ። ሱማርኒ ይህን ልብ አለች፣ ግን ወደ ሬሳው ጎንበስ አለች። ንክሻው ጥልቅ ቢሆንም ደም አልወጣውም። የሟቹ ጉንጭና ከንፈር ደግሞ ሮጦ እንደመጣ ሰው ቀልቷል። ከጣራው ሥር ያለው የአየር ማስገቢያ የሽቦ ወንፊቱ ጎብጦ የጆንያ ክር ተሰክቶበታል፤ ከአግዳሚው ሥር ለቁንጥር የሚሆን ነጭ አመድ አለ። ገንዳው ዳር አርጃኖው ያስመለሰው ዓሣ ወድቋል፤ ይሸታል እንጂ ቅርፊቱ እንኳ አልተነካም። በመጨረሻ ራደንን ከሩቅ አየችው። የፊት ጥፍሩ ላይ ቡናማ ክር ተጠምጥሟል።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ጁማዲን ነው። ቤቱን አዙሮ አሳያት። አንዱ ጫፍ የሚያቃጥል፣ ሌላው ቀዝቃዛ መሆን አለበት፤ እንስሳው እንደፈለገው ይመላለሳል። አፈሩ እንዲቆፍርበት ጥልቅ ነው፣ ገንዳው ሙሉ አካሉን ይይዛል። የሐምሌ ብርድ ስለሚከፋ አምፖሉ አይጠፋም። ምግቡ ሙሉ ዓሣ፣ ቀንድ አውጣ፣ አይጥ፣ አልፎ አልፎ እንቁላል ነው። ፓክ ዊራትሞ ግን እንግዳ ለማሳቅ ቋሊማ በእጁ እየሰጠ አበላሸው። ከግቢው ሁሉ የሚሞቀው ይህ ቤት ስለሆነም ማታ ማታ አረቄውን ይዞ እዚሁ ገብቶ ያንኮራፋ ነበር።

«ዓሣውን ለምን አስመለሰው?»

«በርዶት ነዋ እትዬ። ካልሞቀው ሆዱ አይፈጭም፤ የበላው ውስጡ ይበሰብስና ይተፋዋል። ግን እዚህ እንዴት ይበርደዋል? አምፖሉ እኮ አልጠፋም።»

«ቢበርደው አንተ ምን ታደርግለታለህ?»

«ድንጋይ አሙቄ ከሥሩ አደርግለታለኋ።»

ሃርሶኖን ስትጠይቀው ነገሩን አልደበቀም። እሱና ወንድሙ አርጃኖውን ለቆዳ ነጋዴ ሊሰጡት ተስማምተው፣ ነጋዴው ዛሬ ሊወስደው ነበር። «ቢበርደውስ ምን ታደርግለታለህ?» አለችው።

«ይሙታ! ቆዳው አይበርደው።»

ቡ ሱንዳሪን ያገኘቻት ወጥ ቤት ነው፤ ግድግዳው ላይ ያረጀ ቡናማ የልጅ ማዘያ ተሰቅሏል። ያንኑ ጥያቄ እንደ ዋዛ ጣል አደረገችላት።

«አለብሰዋለኋ» አለች ቡ ሱንዳሪ፣ ማንም እናት እንደምትመልሰው።

ሱማርኒ ግንባሯ ላይ የሰቀለችውን መነጽር ወደ ዓይኗ አወረደችና ሁሉም አርጃኖው ቤት ደጃፍ እንዲሰበሰቡ አዘዘች። ባለ ዱላዎቹ ከአጥሩ ውጭ ቆመው አንገታቸውን አሰገጉ።

«ከንክሻው እንጀምር» አለች። «የሚደማ በሕይወት ያለ ሰው ነው። ይህ እጅ ሲነከስ ባለቤቱ ሞቶ ነበር። ራደን ሆዱ ባዶ ነው፣ እጁ ደግሞ ቋሊማ ይሸታል። ራሱ ሟቹ ያስለመደውን ነው ያደረገው። ቀጥሎ ፊቱ። እንዲህ ቀልቶ የሚሞት በከሰል የታፈነ ሰው ነው። አንድ ሰው ሰክሮ መተኛቱን አይቶ ቀዳዳውን በጆንያ ወተፈ፣ የተቀጣጠለ ማንደጃ አግዳሚው ሥር አስገባ፣ በሩን ዘጋ። ጠዋት ማንደጃውንም ጆንያውንም አወጣ። ጥቂት አመድ ግን አመለጠችው።»

«አርጃኖው ታዲያ ለምን አልታፈነም?» አለ ሃርሶኖ።

«አሁን ገና ቁም ነገር ተናገርክ። እዚህ አልነበረማ። ይህ ቤት ሌሊቱን ሙሉ ምድጃ ሆኖ አድሮ፣ እሱ ግን በርዶት አስመልሷል። ገዳዩ ከሰሉን ከማስገባቱ በፊት አውጥቶ ሌላ ቦታ አሳድሮታል፣ ነግቶም መልሶታል። ያ ሰው አንተ አይደለህም፤ አንተ ብትሆን እዚያው ትተኸው ቆዳውን ትገፍ ነበር። ጁማዲም አይደለም፤ እሱ ድንጋይ ያሞቅለት ነበር፣ ዓሣውም ይፈጭ ነበር። ይህ ሰው እንስሳውን አይፈራም፣ ይወደዋል፤ ግን ጨርቅ የሚያሞቀው ይመስለዋል። አርጃኖ የራሱ ሙቀት የለውም። ቢያለብሱት የሚያለብሱት ብርዱን ነው። ጥፍሩ ላይ ያለው ክር ደግሞ ከልጅ ማዘያ የተመዘዘ ነው።»

ስም መጥራት አላስፈለጋትም። ቡ ሱንዳሪ ከተቀመጠችበት ተነሥታ ነበር።

«ጋሊህን ያዘልኩበት ነው» አለች። «ራደንን በሱ አቅፌ ዕቃ ቤት አሳደርኩት።»

«ቡ ሱንዳሪ፣ ዝም ማለት ይችላሉ።»

«ለምን ዝም እላለሁ? ልጄ አየር ሲያጣ ይህ ሰው በር ላይ ቆሞ ሲጋራ ያጨስ ነበር። እሱም አየር አጥቶ እንዲሞት ፈለግኩ፤ ሞተ። ትናንት ራደንን ለቆዳ ሰጠሁት ብሎ እየሳቀ ባይነግረኝ ኖሮ ምናልባት እስካሁን እፈራው ነበር። ዛሬ ምን እንደምል አዘጋጅቼ ነበር። ሰው ሲጠይቀኝ "ድሮም ልቡ ደካማ ነበር" ልል ነበር።»

ከአጥሩ ውጭ አንዲት ሴት ዱላዋን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ጥፋቱ በራደን ሲላከክ ዝም ቢሉ ኖሮ ማንም አይጠረጥርዎትም ነበር» አለች ሱማርኒ።

«የልጄን ልጅ አስገድዬ? እሱማ አይሆንም።»

«አይጸጽትዎትም?»

«በዊራትሞ? ቅንጣት ታህል አይጸጽተኝም። ጋሊህ ግን ስንት ጊዜ ነግሮኝ ነበር፣ "እማ፣ አታልብሺው፣ ድንጋዩን አሙቂለት" እያለ። እሱን አለመስማቴ ይቆጨኛል።»

ሱማርኒ ወደ አጥሩ ሄዳ ዱላ የያዘ ሁሉ ወደየቤቱ እንዲሄድ አዘዘች። ሃርሶኖንም አርጃኖው የፍርድ ቤት ማስረጃ ስለሆነ አንዲት ጥፍሩ ብትጎድል እሱን እንደምታስረው ነገረችው። እሷው እዚያው ያወጣችው ሕግ ይሁን የተጻፈ፣ ማንም አልጠየቃትም።

ቡ ሱንዳሪ መኪናው ጋ ስትደርስ ወደ ኋላ ዞረች።

«ጁማዲ፣ ቋሊማ እንዳታስቀምሰው።»

«ዓሣ ከነአጥንቱ ነው እትዬ» አለ ጁማዲ።

«ድንጋዩንም አሙቅለት» አለችና ገብታ ተቀመጠች።