ምራቋን ያልዋጠችው ቀማሽ

ሙያዋ መትፋት ነበር። ሲሰሙት ያስቃል እንጂ እውነቱ ይኸው ነው፤ የወይን ቀማሽ ነበረች። ጠርሙስ ይከፈትላታል፣ ታሸታለች፣ ትጎነጫለች፣ አፏ ውስጥ ታገላብጠውና ከጎኗ በማይለየው የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ እንትፍ ትለዋለች። ከዚያ ዋጋውን ትናገራለች። በሥራ ላይ በቆየችበት ዘመን ሁሉ አንዲት ጉንጭ እንኳ ጉሮሮዋን አልፋ አታውቅም።

አባቷም ቀማሽ ነበር። መጀመሪያ ሁሉንም ይተፋ ነበር፤ በኋላ ግማሹን፤ በመጨረሻ ጣሳውን ጭራሽ ረሳው። መጠጥ እንደ ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው፤ እሱንም እያሳሳቀ ወሰደው። ልጅ ሳለች፣ አመሻሽ ላይ ከጓዳ የቡሽ ድምፅ ስትሰማ፣ አባቷ ለዚያ ቀን እንደሄደባት ታውቅ ነበር። ከተቀበረ በኋላም ድምፁ አልለቀቃትም። በየብርጭቆው ጠርዝ ላይ አባቷ ተቀምጦ የሚጠብቃት ይመስላታል።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። እሷ ግን ሆዷ ድረስ የሚወርድ ነገር ስላልነበረ፣ ሆዷ ያባው እዚያው እንደተቀመጠ ኖረ።

ያን ዓመት ገበያው ቀዘቀዘ። ፋብሪካዎች በራቸውን ዘጉ፣ ምግብ ቤቶች መብራት ቀነሱ፣ ትናንት ውድ ወይን ሲያስከፍቱ ያመሹ የነበሩ ሰዎች የምድር ቤታቸውን ቁልፍ ይዘው የወይን ነጋዴውን ደጅ ይጠኑ ጀመር። ነጋዴው አለቃዋ ነው።

«ጊዜው የገዢ ነው» ይላታል፣ መዳፉን እያፋተገ። «ሂጂና ቅመሽ። ካቤርኔ ካገኘሽ ደግሞ ባዶ እጅሽን እንዳትመለሺ።»

ካቤርኔ ቆዳው ወፍራም የሆነ ጥቁር ወይን ነው። በልጅነቱ አፍ ያጨማድዳል፤ ዓመታት ሲያልፉበት ይገራል። የሚወደደውም ለዚህ ነው፤ የሚጠብቀው ሰው ይፈልጋል።

እንዲህ ነው ዳገቱ ላይ ካለችው ትንሽ ሆቴል የደረሰችው። ሆቴሏ እንግዳ መቀበል ካቆመች ሰንብታለች። በመመገቢያ አዳራሹ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠው እግራቸውን ሰቅለዋል። ከመስኮቱ ሥር አንድ ጠረጴዛ ብቻ ተሰናድቷል፤ እዚያ ጥቁር የለበሱ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል።

በሩን የከፈተላት ልጃቸው ነበር። ረዘም፣ ጎንበስ ያለ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው። አባቱ ከሞተ ወዲህ ሆቴሉን ብቻውን ይዟል። ጣሪያው ያፈሳል፣ ሠራተኞቹ ደመወዛቸውን እየጠበቁ ነው፤ የቀረው ሀብት አባቱ ዕድሜውን ሙሉ እየመረጠ ምድር ቤት ያስቀመጠው ካቤርኔ ብቻ ነው። ካልተሸጠ ቤቱም ይሄዳል።

የመጀመሪያውን ጠርሙስ ቀምሳ ተፋችና ብርጭቆውን አስቀመጠች።

«ይኼ ዝም ብሏል» አለች።

«ተበላሽቷል ማለትዎ ነው?»

«አይደለም። ካቤርኔ አንዳንዴ ለዓመታት ዝም ይላል። ያን ጊዜ የሚፈርድበት ሰው ይሳሳታል። ይጠበቃል እንጂ አይፈረድበትም።»

ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። «ሰውንም እንዲህ የሚረዱት ከሆነ፣ በሚያውቅዎት ሰው ቀናሁ» አለ፤ ወዲያው በተናገረው አፍሮ ሌላ ጠርሙስ ፍለጋ ወረደ።

አሮጊቷ ከመስኮቱ ሥር ሲከታተሉ ቆይተው ነበር። «አመመሽ እንዴ ልጄ?» አሉ።

«አይ እትዬ፣ ሥራዬ ነው።»

«መትፋት?»

«መትፋት።»

«እንግዲያው እንዲህ ስትተፊ ውለሽ መቼ ነው ምራቅሽን የምትውጪው?»

ቀማሿ በዚያ ቤት ሳቀች። ራሷም ገረማት፤ ከሳቀች ቆይታ ነበር።

ሥራው በአጭር ጊዜ ሊያልቅ ይችል ነበር፤ እሷ አስረዘመችው። አንዱን ዓመት ከሌላው ማስተያየት ያስፈልጋል አለች። እሱም ያስፈልጋል አለ። እሷ ብርጭቆውን ስታሸት እሱ ፊቷን ያያል፤ እሷ ቀና ስትል እሱ መስኮቱን ያያል። ይህን ጨዋታ የማያውቅ መስኮቱ ብቻ ነበር።

«ምን እርስዎ እርስዎ ትባባላላችሁ?» አሉ እናቱ አንድ ቀን። «የሁለታችሁ ዕድሜ ተደምሮ የእኔን አይሞላም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ አንቺ፣ እሷም አንተ ማለት ጀመሩ። ቃሉ አፏ ላይ እንግዳ ሆነባትና ቤቷ ስትገባ ብቻዋን ደጋገመችው።

አንድ አመሻሽ፣ ብርጭቆዎቿን እያጠበች ሳለ፣ ከወለሉ በታች ቷ አለ። የቡሽ ድምፅ። እጇ ውሃው ውስጥ ደርቆ ቀረ።

«መጣ» አሉ እናቱ፣ ዳቦውን ወደ ራሳቸው እየሳቡ።

«ማን?»

«የቤቱ ባለቤት ነዋ። በዚህ ሰዓት ነው የሚወርደው። አትፍሪ፣ ማንንም አይነካም።»

የቤቱ ባለቤት መሞቱን ታውቃለች። በሕይወት ሳለ ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ወርዶ አንዲት ጠርሙስ ይከፍት እንደነበርም ልጁ ነግሯታል። ወለሉን አፍጥጣ አየች። አሮጊቷ ግን በሰላም ይበሉ ነበር። ልጃቸው በዚያ ሰዓት አዳራሹ ውስጥ እንዳልነበረ ቀማሿ ልብ አላለችም። ያን ድምፅ ስትሰማ የምታስበው አንድ ሙት ብቻ ነበር፤ እሱም የራሷ ነው።

በማግሥቱ ከሆቴሉ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ሳለ ልጃቸው ጠየቃት።

«ለምንድን ነው ጠብታ እንኳ የማትውጪው?»

ለማንም ያልነገረችውን ነገረችው። ስለ አባቷ፣ ስለ ጓዳው፣ ስለ ቡሹ ድምፅ። «ከሚጠጣ ሰው ጋር አልኖርም» አለች በመጨረሻ። «ብወደውም አልኖርም። ብወደው እንዲያውም ይብሳል።»

እጇን ያዘ። አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ዋጠው። እሷም ያን ዝምታ እንደ መልስ ቆጠረችው፤ መልካም መልስ መስሏት።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ሥራዋን ጨርሳ ከወጣች በኋላ ጣሳዋን መርሳቷ ትዝ አላትና ከመንገድ ተመለሰች። ጀንበሯ እየጠለቀች ነበር። መተላለፊያው ላይ ስትደርስ ከምድር ቤት ቷ አለ። ልትመለስ ዞረች። ሆኖም ሙትም ቢሆን ፊቱን ልየው ብላ ቆመች።

የምድር ቤቱ በር ተከፈተና የወጣው እሱ ሆነ። የሸሚዙ እጅጌ በወይን ርሷል። ሽታው መተላለፊያውን ሞላው፤ ከሽታው ጋር አባቷ፣ ጓዳው፣ ልጅነቷ ሁሉ መጣ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«በየቀኑ?»

ወደ አዳራሹ ዘወር ብሎ አየ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ የእናቱ ማንኪያ ከሳህን ጋር ሲጋጭ ይሰማል። «በየቀኑ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሌላ አልጨመረም።

እሷም አልጠየቀችም። ጣሳዋን እዚያው ትታ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ሥራ እምቢ አላት። የከፈተችው ሁሉ አንድ ሽታ ብቻ ሸተታት። አለቃዋ «ሌላ ገዢ ሳይቀድመን ሂጂና ጨርሺ» ሲላት «ሌላ ሰው ላክ» አለችው። የናፈቀችውን ሰው ትፈራው ነበር፤ ወይም የፈራችውን ትናፍቅ ነበር። ልዩነቱን የሚነግራት ምላስ አልነበራትም።

አንድ ከሰዓት በኋላ እሱ ራሱ የወይን ነጋዴው መጋዘን ድረስ መጣ። ጣሳዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ረስተሽው ነው» አለ። «ብዙ አልቆይም። ጀንበር ሳትጠልቅ መድረስ አለብኝ።»

«ጠርሙስህ ስለሚጠብቅህ?»

«የምትጠብቀኝ እናቴ ናት።»

ቆሞ ነገራት። ከቀብሩ በኋላ እናቱ እህል አልቀመሱም፣ ዐይናቸውን ከግድግዳ አልነቀሉም። እሱም ሰው አልነበረም። አንድ አመሻሽ፣ ወይኑ ለሽያጭ ይሆን እንደሆነ ልየው ብሎ ወረደና አንዱን ከፈተ።

«ከላይ ድምፅዋን ሰማሁት። ‹መጣ› አለችና ዳቦ ጠየቀች። ከዚያ በኋላ እንዴት ልተው?»

«ወይኑስ?»

«እደፋዋለሁ። የሆቴላችን ፍሳሽ ቱቦ በካቤርኔ ሰክሮ ነው የሚያድረው።»

አልሳቀችም። «ያን ቀን ለምን አልነገርከኝም?»

«በሩ ክፍት ነበር። ትሰማን ነበር። አባቴን ሁለተኛ ልግደልባት?»

ጠጋ አለችው። ብርጭቆ እንደምታሸት፣ ዐይኗን ጨፍና፣ ከአፉ ሥር ትንፋሹን ሳበች። ሻይ ይሸታል። ሻይና ሎሚ። ያን ቀን የሸተታት ከእጅጌው እንጂ ከአፉ አልነበረም። በአንድ ትንፋሽ የወይን ዕድሜ የምትናገር ሴት፣ እጅጌና አፍ መለየት አቅቷት ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ ለካ አፍንጫም ሲፈራ ባዳ ነው።

«ዝም ያለውን ፈረድኩበት» አለች።

«ይጠበቃል ብለሽኝ ነበር።»

«አውቃለሁ። ለወይን ነው የማውቅበት።» ዐይኗን ገለጠች፤ ፊቱ ገና ቅርብ ነበር። «ወይኑ ከተሸጠ በኋላ ግን ምን ትከፍትላታለህ?»

«እኔም እሱን ነው የማስበው።»

«ባዶ ጠርሙስና ደረቅ ቡሽ ይበቃሃል። አጥብቀህ ደፍነህ ብትነቅለው ድምፁ ያው ነው። እመነኝ፤ ከዚያ ድምፅ ጋር ነው ያደግሁት።»

ያን ስትል ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የምትሰጠው ነገር ሆኖ ታያት።

ለአለቃዋ የጊዜውን ዋጋ ሳይሆን የወይኑን ዋጋ ነገረችው። አጉረመረመ፤ ምላሷን ያምናልና ከፈለ። መኪናው የመጨረሻውን ሳጥን ጭኖ ሲሄድ ምድር ቤቱ ባዶ መደርደሪያ ብቻ ሆነ፤ በአንዱ መደርደሪያ ላይ ቡሽ የተወተፈበት ባዶ ጠርሙስ ቀርቷል። አንዲት ሙሉ ጠርሙስ ግን ከሽያጩ አስቀርታ ነበር፤ ከዚያው ዝም ካለው ዓመት።

አመሻሽ ላይ ሦስቱም ከመስኮቱ ሥር ተቀመጡ። ብርሃኑ ከጠረጴዛው ላይ ሲሸሽ እሱ ከወንበሩ ተነሣ።

«ቁጭ በል» አሉ እናቱ።

«አሁን መጣሁ፣ አንዲት ነገር ረስቼ...»

«ቁጭ በል ልጄ፤ ይበቃል። የባሌን እጅ የማላውቅ መሰለህ? አባትህ ቡሽ ሲነቅል እንደ ሌባ ነበር፤ እፍ ከማለት በቀር አይሰማም። አንተ ነህ ቷ የምታደርገው።»

እንደቆመ ቀረ። «ታዲያ ለምን ‹መጣ› ትይ ነበር?»

«ከቀብሩ ጀምሮ ክፍልህን ዘግተህ ሞተህብኝ አልነበር? ያን ቀን ስትወርድ ሰማሁህ። ‹መጣ› ያልኩት አንተን ነው።»

ተቀመጠ። አለቀሰ፤ እናቱም እንዲያለቅስ ተዉት። ቀማሿ ምን ላድርግ ብላ የምታውቀውን አደረገች፤ ጠርሙሱን ከፍታ ለሦስት ቀዳች።

ተጎነጨች። ወይኑ ዝምታውን ፈትቷል። እንጆሪ፣ የተቀረጸ እርሳስ፣ ከሩቅ ደግሞ ትምባሆ። አፏ ውስጥ እያገላበጠች ጣሳዋን በእግሯ ፈለገች።

ያኔ ነው ከታች የተሰማው። ከባዶው ምድር ቤት፣ ቀስ ብሎ፣ ሸክም ያወረደ ሰው እንደሚተነፍስ፤ እፍ አለ።

ሦስቱም አዳራሹ ውስጥ ነበሩ። ጠረጴዛው ሥር የእሱ እጅ የእሷን አገኘ።

«ይኼኛው እሱ ነው» አሉ እናቱ፣ በለሆሳስ።

ቀማሿ አፏ ባዶ መሆኑን ያወቀችው ከዚያ በኋላ ነው። ጉሮሮዋ ሞቋል፤ ሙቀቱ ወደ ደረቷ እየወረደ ነው። አባቷ እስኪመጣባት ጠበቀች። መጣም፤ ግን የጓዳው አባቷ አልነበረም። ጣሳ ይዞ፣ ትንሽ ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ፣ እየቀመሰ የሚተፋው ነበር።

እናቱ ፊቷን አይተው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ይኸው ምራቋን ዋጠች። ከዚህ በኋላ ምን ትጠብቃለህ?»

«እሷን» አለ ልጁ፣ እጇን ሳይለቅ። «እሺ እስክትለኝ።»

«እሺ» አለች።

አሮጊቷ ዳቦውን ቆርሰው ለሁለቱም ሰጡ። «በይ ልጄ» አሉ፣ «ለባሌም አንድ ብርጭቆ ጨምሪ።»

ተነሥታ ወደ ቁም ሣጥኑ ሄደች። ስትመለስ የያዘችው ሁለት ነበር። ለምን ሁለት እንደሆኑ ማንም አልጠየቃትም፤ እሱ ለሁለቱም ቀዳ።